በአንድ ፊደል የተለየ ስም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ስለ ንግድ ምልክት

በዚህ እትም ስለ ንግድ ምልክት ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠን መልሰናል። አንዳንዶቹ ጉዳዮች ገና በክርክር ላይ ስለሆኑ የምልክቶቹን ስሞች ቀይረናል፤ የሕጉን ነጥብ የሚነካ ለውጥ ግን አላደረግንም።

ጥያቄ፦ ባልትና እያሸግሁ ለሱፐርማርኬቶች አቀርባለሁ። «ንጹሕ በርበሬ» የሚለውን ስም ላስመዘግብ ብጠይቅ «የመለየት ብቃት የለውም» ተብሎ ተመለሰብኝ። ስሙን ማንም አላስመዘገበውም፤ ታዲያ ለምን ይከለከላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ማንም አለማስመዝገቡ አይረዳዎትም። እንዲያውም ያልተመዘገበው በዚሁ እርስዎን በከለከለው ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ማመልከቻውን የሚያየው መርማሪ ሁለት ነገሮችን ለየብቻ ያያል። መጀመሪያ፣ ስሙ በራሱ ምልክት ለመሆን ይችላል ወይ? ቀጥሎ፣ ከእርስዎ የቀደመ የሌላ ሰው ተመሳሳይ ምልክት አለ ወይ? የእርስዎ ስም ሁለተኛው ጥያቄ ዘንድ ሳይደርስ ነው የወደቀው።

የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የእቃውን ዓይነት፣ ጥራት፣ መጠን፣ የሚውልበትን ዓላማ፣ ዋጋ፣ የመጣበትን ቦታ ወይም የተመረተበትን ጊዜ ብቻ የሚናገር ምልክት እንዳይመዘገብ ይከለክላል። «ንጹሕ» ጥራቱን፣ «በርበሬ» ዓይነቱን ይናገራል፤ ከዚያ የሚተርፍ ነገር የለም። ሌላዋ ባልትና አዘጋጅም በርበሬዋ ንጹሕ መሆኑን ማሸጊያዋ ላይ የመጻፍ መብት አላት።

ባለሙያዎች ስሞችን ከደካማ ወደ ጠንካራ በአምስት ደረጃ ይመድባሉ። አመዳደቡ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1976 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአበርክሮምቢ ኤንድ ፊች እና በሀንቲንግ ወርልድ መካከል በሰጠው ውሳኔ ነው። የእኛ አዋጅ ደረጃዎቹን በስም ባይጠራቸውም ለሥራ ይጠቅማሉ። በርበሬን «በርበሬ» ብሎ መጥራት የወል ስም ነው፤ የፈለገውን ያህል ቢተዋወቅ የአንድ ሰው አይሆንም። «ምርጥ»፣ «አንደኛ»፣ «ያልተደባለቀ» ገላጭ ናቸው። «ማረቆ» ደግሞ በበርበሬው የታወቀ የቦታ ስም ነው። እቃው ከዚያ ከመጣ ስሙ ገላጭ ነው፣ ካልመጣ አሳሳች ነው፤ በሁለቱም በኩል ይወድቃል። «እፍታ» ብንልስ? ገዢው ከቃሉ ወደ ወጡ፣ ከወጡ ወደ በርበሬው በሐሳቡ መሄድ አለበት፤ እንዲህ ያለው ስም ጠቋሚ ይባላል፣ ለመመዝገብም ይበቃል። «ክራር» ከበርበሬ ጋር ዝምድና ስለሌለው ጠንካራ ነው፤ ያው ቃል ለሙዚቃ መሣሪያ መደብር ሲሆን ግን ከንቱ ነው። ከሁሉም የሚጠነክረው እንደ «ዘርቡካ» ያለ እርስዎ የፈጠሩት ቃል ነው፤ ጉዳቱ ገበያውን ለማስለመድ ጊዜና ገንዘብ መብላቱ ነው።

ነጋዴው ስሙ እቃውን እንዲያስረዳለት ይፈልጋል፣ ሕጉ ደግሞ በሚያስረዳው ልክ ጥበቃውን ይቀንስበታል። ስለዚህ ማስረዳቱን ለማሸጊያው ጽሑፍ ይተዉትና ለስምነት ጠቋሚ ወይም ከዚያ የራቀ ቃል ይምረጡ። «እፍታ በርበሬ» ብለው ቢያመለክቱ «በርበሬ» የሚለው ክፍል ብቻውን የእርስዎ እንዳልሆነ እንዲገልጹ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ቅር አይበልዎት፣ የሚከስሩት ነገር የለም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ቃሉን በአማርኛ ብቻ አይመዝኑት። «ጸዓዳ» ለአዲስ አበባ ጆሮ ያማረ ስም ሊመስል ይችላል፤ ለትግርኛ ተናጋሪ ግን «ነጭ» ማለት ስለሆነ ለዱቄት ገላጭ ነው። ሁለተኛ፣ «ንጹሕ»ን በጌጠኛ ፊደልና በሞሰብ ሥዕል አስውቦ መመለስ የሚሠራ ቢመስልም ቢመዘገብ እንኳ የሚጠበቅልዎ ሥዕሉና አጻጻፉ እንጂ ቃሉ አይደለም። ተፎካካሪ ያለ ሞሰቡ «ንጹሕ» ብሎ ቢጽፍ ምንም ሊሉት አይችሉም።

ጥያቄ፦ «ጸዳል» የተባለው የፈሳሽ ሳሙና ምልክቴ ከተመዘገበ አራት ዓመት ሆኖታል። አሁን አንድ ድርጅት «ፀዳለ» የሚል የዱቄት ሳሙና አወጣ። ብንጠይቀው፣ «በፀሐዩ ፀ የተጻፈ የእናቴ ስም ነው፤ የእኔ ማሸጊያ አረንጓዴ፣ የእናንተ ሰማያዊ ነው፤ የእኔ ዱቄት፣ የእናንተ ፈሳሽ ነው» አለን። ይህ ያደናግራል ወይስ አያደናግርም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ምልክቱም እቃውም አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ሕጉ መደናገር እንዳለ ግምት ስለሚወስድ ሥራዎ ቀላል ነበር። እዚህ ሁለቱም በጥቂቱ ስለሚለያዩ መመዘን አለባቸው። እንደ አጠቃላይ አስተያየት የእርስዎ ጉዳይ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ተከራካሪዎ ያላነሣው፣ ጥሩ ጠበቃ ሲይዝ የሚያነሣው አንድ ነጥብ አለ፤ እንደርስበታለን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን ማሸጊያ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነት ሲቆጥር ነው። ገዢ እንዲህ አይገዛም። አንዱን ባለፈው ወር ገዝቷል፣ ዛሬ ሌላው ፊቱ ቆሟል፤ የሚያወዳድረው ካየው ጋር ሳይሆን ከሚያስታውሰው ጋር ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ሎይድ በተባለው የጫማ አምራች ጉዳይ ይህንኑ ብሏል፦ ሸማቹ ሁለቱን ምልክቶች በቀጥታ የሚያነጻጽርበት ዕድል ጥቂት ነው፤ የሚተማመነው አእምሮው ውስጥ በቀረው ያልተሟላ ምስል ላይ ነው። ውሳኔው ኢትዮጵያ ውስጥ አስገዳጅ አይደለም፤ አመዛዘኑ ግን በየአገሩ የሚሠራበት ነው።

አሁን ቃሎቹን በዓይን፣ በጆሮና በትርጉም እንያቸው። በዓይን የመጀመሪያው ፊደል ይለያል፣ ሁለተኛው አንድ ነው፣ ሦስተኛው ቅርጹ አንድ ሆኖ ሳድስና ግእዝ ነው። በጆሮ ግን በጸሎቱ ጸ እና በፀሐዩ ፀ መካከል ልዩነት የለም፤ በሃሌታው ሀ እና በሐመሩ ሐ፣ በእሳቱ ሰ እና በንጉሡ ሠ፣ በአልፋው አ እና በዐይኑ ዐ መካከል እንደሌለው ሁሉ። ከእነዚህ አንዱን በሌላው ተክቶ «የእኔ ሌላ ነው» ማለት በአማርኛ ምልክት ክርክር ውስጥ ደካማው መከላከያ ነው። ሳሙና ደግሞ በብዛት የሚሸጠው በሱቅ መስኮት በቃል ተጠይቆ ነው። ገዢዋ «ጸዳልን ስጠኝ» ስትልና «ፀዳለን ስጠኝ» ስትል የሚለየው በመጨረሻው ላይ ያለች አንዲት አጭር አናባቢ ብቻ ናት፤ ባለሱቁ እጁ የቀረበለትን ያነሣል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ጆሮ ከዓይን ይበልጣል። በራስ ተመርጦ የሚነሣ፣ መለያው ተነብቦ የሚገዛ እቃ ቢሆን ሚዛኑ ወደ ዓይን ያደላ ነበር።

ትርጉሙስ? አንዱ ብርሃን፣ ሌላው የሴት ስም ነው። የትርጉም ልዩነት የድምፅን መመሳሰል የሚያሸንፍበት ጊዜ አለ፤ ያ የሚሆነው ግን ገዢው ቃሉን እንደሰማ ወዲያው የተለየ ነገር ሲታየው ነው። እዚህ ስሙ ራሱ ከዚያው ከብርሃኑ ቃል የመጣ ስለሆነ ልዩነቱ ብዙ አይረዳውም። የእናትነቱ ነገርም እንዲሁ ነው፤ የራስን ስም በቅን ልቦና ለማንነት መግለጫ መጠቀም አንድ ነገር ነው፣ የቤተሰብ ስምን የእቃ ምልክት አድርጎ ገበያ ማውጣት ሌላ ነገር ነው።

ያልተነሣው ነጥብ ይኸውና፦ «ጸዳ» ለሳሙና ገላጭ ቃል ነው። ተከራካሪዎ «የምንጋራው ማንም የሳሙና ነጋዴ ሊጠቀምበት የሚችለውን ክፍል ብቻ ነው» ሊል ይችላል። ሁለቱ ምልክቶች የሚጋሩት ደካማውን ክፍል ብቻ ሲሆን መደናገር በቀላሉ አይገመትም፤ መዝገቡ ውስጥ «ጽዱ»፣ «ጸዴ» የመሳሰሉ የሳሙና ምልክቶች በብዛት ካሉ ደግሞ ክርክሩ ይበረታል። መልስዎ፣ ገዢ «ጸዳል»ን ቆርጦ አይሰማውም፣ ቃሉ ሙሉ ትርጉም ያለው ነው፣ መጋራቱም «ል» ላይ ሳይቀር ነው የሚል ይሁን። ይህ ያሸንፋል ብለን እናምናለን። ቢሆንም ከመክሰስዎ በፊት ሳሙና በሚመዘገብበት የእቃ ምድብ፣ በምድብ 3፣ የተመዘገቡትን በ«ጸዳ» እና በ«ጽዱ» የሚጀምሩ ምልክቶች ዝርዝር ያስወጡ፤ ስንት እንደሆኑ ከተቃራኒ ወገን መስማት አይበጅም።

ዱቄትና ፈሳሽ ስለመሆናቸው፦ ሁለቱም እቃዎችንና አገልግሎቶችን በቁጥር በሚለየው ዓለም አቀፍ የኒስ ምደባ ምድብ 3 ናቸው፤ ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። በዚያው ምድብ 3 ሽቶና የጫማ ቀለም አሉ፤ አንድ ምድብ ውስጥ መሆን ብቻውን እቃን አያዛምድም፣ በሌላ ምድብ መሆንም አያለያይም። የሚታየው ማን ይገዛዋል፣ ለምን ሥራ፣ በየትኛው መደርደሪያ ይቀመጣል፣ አንዱ ሌላውን ይተካል ወይ፣ አንድ ፋብሪካ ሁለቱንም ማምረቱ የተለመደ ነው ወይ የሚለው ነው። በሁሉም ሚዛኑ ከእርስዎ ጋር ነው። የአውሮፓው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 በካኖን ጉዳይ እንዳለው ደግሞ መመዘኛዎቹ ይተካካሳሉ፦ እቃዎቹ በጣም ሲቀራረቡ ምልክቶቹ ትንሽ ቢራራቁም መደናገር ሊኖር ይችላል። ዋጋውም ይታያል። የትራክተር ገዢ ሳምንታት ያጠናል፣ የሳሙና ገዢ ግን አፍታም አይቆይም።

ቀለሙን በሚመለከት የምስክር ወረቀትዎን አውጥተው ይመልከቱ። ምልክቱ በጥቁርና ነጭ ከተመዘገበ ጥበቃው ለማንኛውም የቀለም ቅንብር ስለሚሆን የአረንጓዴው ክርክር እዚያው ያበቃል። በሰማያዊ ካስመዘገቡት ጥበቃው ለዚያ ቅንብር ስለሆነ ክርክሩን በቃሉ ላይ ያተኩሩ። አዲስ የሚያመለክቱ አንባቢዎቻችን በጥቁርና ነጭ እንዲያስመዘግቡ የምንወተውተው ለዚህ ነው።

ማስረጃ ከዛሬ ጀምረው ይሰብስቡ፦ በስሕተት ወደ እርስዎ የመጡ የቅሬታ ስልኮች፣ ተመልሰው የመጡ የሌላው እቃዎች፣ ጅምላ ሻጭ ስሞቹን አደባልቆ የጻፈባቸው ደረሰኞች፣ ሁለቱ ጎን ለጎን የተደረደሩበት መደርደሪያ ፎቶ፤ ሁሉም ቀን ይኑራቸው። ሰው በእርግጥ መደናገሩን ማስረዳት ግዴታ አይደለም፣ ዕድሉ ይበቃል፤ ሲገኝ ግን ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ ይበልጣል። የሠራተኛዎ ወይም የዘመድዎ ምስክርነት ብዙ አይረባም።

ከዚያ ተከራካሪዎ አመልክቶ እንደሆነ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያጣሩ። ማመልከቻው ለሕዝብ ማስታወቂያ ከወጣ በማስታወቂያው ላይ በተገለጸው ጊዜ ውስጥ ተቃውሞ ያቅርቡ፤ ይህ ከሁሉም ርካሹ መንገድ ነው። ተመዝግቦ ከሆነ ምዝገባው እንዲሰረዝ፣ ሳይመዘገብ እየሸጠ ከሆነ ድርጊቱ እንዲቆም በፍርድ ቤት ይጠየቃል። የራስዎንም ቤት ይፈትሹ፤ ምዝገባ የሚጸናው ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ነው፣ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። ምልክቱ ለ3 ተከታታይ ዓመታት ሥራ ላይ ካልዋለ ደግሞ ተከራካሪዎ እርስዎን ሊያሰርዝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ቡና ቆልቼ እሸጣለሁ፣ ትንሽ ካፌም ልከፍት ነው። «ጀበና» የሚለውን በላቲን ፊደል ላስመዘግብ አስባለሁ። አሜሪካኖች ትርጉሙን ስለማያውቁት ችግር የለውም አይደል? ደግሞ በሌላ ግዛት ተመሳሳይ ስም ያለው ሬስቶራንት አለ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ችግር አለው። የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት የባዕድ ቃል ሲቀርብለት ትርጉሙን በማመልከቻው ውስጥ እንዲጽፉ ያስገድዳል፤ በግእዝ ፊደል ቢያመለክቱ አነባበቡንም ይጠይቃል። መርማሪው ከዚያ ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ይመዝነዋል። አማርኛ የሚያውቅ አሜሪካዊ ገዢ ቆም ብሎ ይተረጉመዋል ተብሎ ከታሰበ «ቡና» ለቡና የወል ስም ነው፤ «ጀበና» ለሸክላ ማፍያ ሽያጭ የወል ስም፣ ለቡናና ለካፌ ደግሞ ገላጭ ነው የመባል ዕድሉ ሰፊ ነው። መርማሪው የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችን ምናሌ ከኢንተርኔት አትሞ ማያያዝ አያቅተውም።

ይኸው ትርጉም በመደናገር በኩልም ይመጣል፤ «ኮከብ» ብለው ቢያመለክቱ በእንግሊዝኛ «ስታር» ብሎ ለቡና ያስመዘገበ ሰው ሊጠቀስብዎ ይችላል። ደንቡ ግን ፍጹም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በቭቭ ክሊኮ ሻምፓኝ ጉዳይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተራ ገዢ የፈረንሳይኛውን «ቭቭ» ቆሞ «መበለት» ብሎ አይተረጉመውም ብሏል፤ መደናገሩን ግን በሌሎች መመዘኛዎች አጽንቶታል።

ስለ ሬስቶራንቱ፦ መርማሪዎች መደናገርን ለመመዘን የሚጠቀሙት እ.ኤ.አ. በ1973 በዱፖን ጉዳይ የተዘረዘሩትን 13 መመዘኛዎች ነው፤ ሁሉም በየጉዳዩ አይነሡም፣ ከባዶቹ የምልክቶቹ መመሳሰልና የእቃዎቹ ዝምድና ናቸው። ምግብና ምግብ ቤት በራሳቸው ዘመዳሞች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 የኩርስ ቢራ ፋብሪካ «ብሉ ሙን»ን ሲያመለክት የሬስቶራንት ምልክት ተጠቅሶበት ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ከ815,000 ገደማ ሬስቶራንቶች አንጻር ቢራ የሚጠምቁት ቤቶች 1,450 ያህል ብቻ መሆናቸውን አይቶ ክልከላውን ሽሮታል። እርስዎ ግን በዚህ አይጽናኑ። የተቆላ ቡና በራሱ ከረጢት የማይሸጥ ካፌ ዛሬ ጥቂት ነው፣ ካፌውን ሲጨምሩበት ደግሞ ከሬስቶራንቱ ጋር በቀጥታ ይጋጠማሉ።

ፍለጋ ሲያደርጉ የቃሉን አጻጻፍ ሁሉ ይሞክሩ፦ በጄ፣ በጂ፣ በዲ እና ጄ የሚጀምረውን፣ ኤን የተደገመበትን። የእርስዎ ሁለት ምድቦች ናቸው፤ ለቡናው 30፣ ለካፌው 43። መነሻ ክፍያው ከጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአንድ ምድብ 350 ዶላር ነው። ስሙን እየሠሩበት መሆኑን ለማሳየት ለቡናው ናሙና አድርገው የሚያቀርቡት ስሙ የታተመበትን እውነተኛ ከረጢት ፎቶ ነው፤ በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ይመለሳል። ክልከላ ከመጣ መልስ መስጫው 3 ወር ነው፣ በክፍያ ለ3 ወር ይራዘማል። «ገላጭ ነው» ከተባሉ በተጨማሪ መዝገብ መግባት ይቻላል፤ ዋናው መዝገብ የሚሰጠውን ሙሉ ጥበቃ ግን አይሰጥም። በብቸኝነት ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ 5 ዓመት ያለማቋረጥ ከተጠቀሙበት በኋላ ስሙ በአገልግሎት ብዛት የመለየት ብቃት አግኝቷል ብለው መከራከር ይችላሉ። የወል ስም ከሆነ 50 ዓመትም አይበቃም። እኛ ብንሆን ስሙን ዛሬውኑ እንቀይር ነበር፤ ከረጢቱ ሳይታተም።

ጥያቄ፦ የቦታ ስም ገላጭ ከሆነ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር አሜሪካ ውስጥ እንዴት የንግድ ምልክት ሆኑ? (የሕግ ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሦስቱም በቀላሉ አልሆኑም። የኢትዮጵያ መንግሥት ማመልከቻዎቹን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን ይርጋጨፌ በ2006 ተመዘገበ። በሐረርና በሲዳሞ ላይ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል ብሎ ተቃወመ፤ መርማሪዎቹም መጀመሪያ ከለከሉ። በሲዳሞ ላይ ሌላም እንቅፋት ነበር፦ ስታርባክስ «ሽርኪና ሰን ድራይድ ሲዳሞ» የሚል ማመልከቻ ቀድሞ አስገብቶ ነበር፣ በኋላ ተወው። የኢትዮጵያ ወገን የተከራከረው ስሙ ከቦታነቱ በላይ በገዢው ዘንድ የአንድ ምንጭ መለያ ሆኗል፣ ማለትም በአገልግሎት የመለየት ብቃት አግኝቷል በሚል ነው። በ2007 ከስታርባክስ ጋር የፈቃድ ስምምነት ተፈረመ፤ በ2008 ሲዳሞም ተመዘገበ።

ጃፓን ውስጥ የአገሪቱ የቡና ማኅበር ምዝገባዎቹን አስሽሮ ነበር፤ የጃፓን የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የሲዳሞና የይርጋጨፌ ስሞች የመለየት ብቃት የላቸውም መባሉን አልተቀበለውም። ለጥናትዎ ከዚህ ጋር የሚነበበው እ.ኤ.አ. በ1999 በባቫሪያው ሐይቅ በኪምዜ ስም በተሸጠ የስፖርት ልብስ ላይ የአውሮፓ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነው። እዚያ የተዘረዘሩት መለኪያዎች የገበያ ድርሻ፣ የአጠቃቀሙ ስፋትና ዕድሜ፣ ለማስተዋወቅ የወጣ ገንዘብ፣ እንዲሁም ስሙን ሰምቶ ከአንድ ድርጅት የመጣ መሆኑን የሚለየው የሸማች ድርሻ ናቸው። ፈተና ላይ የሚረሳው የመጨረሻው ነው።

ጥያቄ፦ የንግድ ስሜን ንግድ ቢሮ አስመዝግቤ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ሌላ ምዝገባ ምን ያደርግልኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የንግድ ስም ድርጅትዎን ይለያል፣ የንግድ ምልክት እቃዎን። የመጀመሪያው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008፣ ሁለተኛው በአዋጅ 501/1998 ይተዳደራል። የምልክት ባለቤትነት የሚገኘውና ሦስተኛ ወገንን የሚያስገድደው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ስለሆነ፣ በንግድ ስምዎ ላይ ያለውን ቃል ሌላ ሰው ለእቃ ምልክትነት ቀድሞ ሊያመለክትበት ይችላል። ያኔ በቀደመ የንግድ ስምዎ መቃወም ወይም ቁጥር 813/2006 በሆነው የንግድ ውድድር አዋጅ መክሰስ አይከለከሉም፤ ዝናዎንና የገዢውን መደናገር የማስረዳቱ ሸክም ግን በእርስዎ ላይ ይወድቃል። የንግድ ፈቃድዎንና የምልክቱን ናሙና በጥቁርና ነጭ አዘጋጅተው፣ የእቃ ዝርዝሩን በየምድቡ ለይተው ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይሂዱ። በዝርዝሩ ውስጥ የማይሸጡትን እቃ አይጨምሩ፤ ያልተሠራበት እቃ በ3 ዓመት ለስረዛ ይጋለጣል።